ለአንዲት አዋላጅ ነርስ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

የወሊድ መከላከያ የት ሄደን እንውሰድ ለምትሉኝ እህቶች አንዲት ባለሙያ ልጠቁማችሁ ነው። እግረ መንገዴንም ላመሰግናት።

ከተማ ውስጥ የጤና ተቋም ሞልቷል ይባላል። ግን ብዙዎቻችን የቅርቡን አልፈን ራቅ ወዳለው እንሄዳለን፤ ወረፋ ላይ የሚያውቀን ሰው እንዳያየን፣ ሴት ባለሙያ ስለምንፈልግ፣ ወይም ባለፈው ስንሄድ አመናጭቀውን ስለመለሱን። "ቅርብ እያለ ምን ያንከራትታችኋል?" የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አንዲት ሴት ገመናዋን የሚጠብቅላት ባለሙያ ፍለጋ ትራንስፖርት ብትቀያይር ቅንጦት አይደለም።

እዚህች ነርስ ጋ የደረስኩት በጓደኛዬ ጥቆማ ነው። መጀመሪያ በሩን ዘጋች። የደም ግፊቴን ለካች፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀች፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ቦታ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን አመጣች፦ "ከቤትሽ እዚህ ለመድረስ ምን ያህል ይፈጅብሻል? ከሥራ ፈቃድ ይሰጡሻል? ልጅሽን ማን ይይዝልሻል?"

ለካ ነገሩ ከመከላከያው ምርጫ ጋር በቀጥታ ይገናኛል! የተለመደው መርፌ በየ3 ወሩ ያመላልሳል፣ ቀኑ በጣም ካለፈም አስተማማኝ አይሆንም። ክንድ ላይ የሚቀበረው እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው መዳብ ያለው ሉፕ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ክኒን የበርካታ ወር በአንዴ ከሰጡሽ ምልልሱ ይቀንሳል፣ ግን በየቀኑ ማስታወስ አለ። ሴቷ ራሷ ቤቷ ሆና የምትወጋው መርፌ እንዳለ የሰማሁትም ከእሷ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይሁን ብሎ መክሯል፣ ሁሉም ቦታ ግን አይገኝም።

ይሄ ይሻልሻል ብላ አልገፋችኝም። የወር አበባ ሊዛባ እንደሚችል፣ መርፌውን ያቆመች ሴት ለማርገዝ ወራት ልትጠብቅ እንደምትችል ሳትደብቅ ነገረችኝ። የክንዱን መረጥኩ። እሱን የሚያወጣው የሰለጠነ ባለሙያ ስለሆነ ዓይነቱንና የገባበትን ቀን ካርድ ላይ ጻፈችልኝ፤ "ማውጣት ስትፈልጊ የግድ እኔ ጋ መምጣት የለብሽም፣ የሚቀርብሽ ቦታ ያወጡልሻል" አለችኝ። ደንበኛዬን ላስቀር ሳትል እንዲህ የምትናገር ባለሙያ ስንት አለች? ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ያላገባች ታናሽ እህቴም ሄዳ ነበር። ባል አለሽ ወይ፣ ዕድሜሽ ስንት ነው እያለች ፊቷን አላጠቆረችባትም። ልክ እንደ እኔው አስተናገደቻት።

ስሟን ሳላስፈቅድ አደባባይ ላይ አላወጣም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የትኛው መስመር ሳይቀያየር እንደሚያደርስም እነግራችኋለሁ። ጠዋት ጠዋት ማዋለጃ ክፍል ስለምትሆን ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል።