የጓንግዡ ባይዩን አውሮፕላን ማረፊያ በነጋዴ ሚዛን

በጎንደር ቅዳሜ ገበያ ከሚሸጠው ጫማ፣ ልብስና የስልክ ዕቃ ብዙው የቻይና ሥሪት ነው። ዕቃውን ከምንጩ ለመግዛት የቆረጠ ነጋዴ ከአዘዞ ቦሌ፣ ከቦሌም በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጥታ በረራ ጓንግዡ ይገባል። የባይዩን ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያን የምመዝነውም ባዶ ሻንጣ ይዞ ሄዶ ጓዙን ሞልቶ በሚመለስ ሰው ዓይን ነው፤ በዚህ ሚዛን አገባቡ እጅግ የሚመሰገን፣ አወጣጡ ግን ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻ ነው።

ማረፊያው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2004 አሮጌውን ተክቶ ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተርሚናል በ2018፣ ሦስተኛው ደግሞ በ2025 ተከፍቷል። ወረርሽኙ የዓለምን በረራ ባሽመደመደበት በ2020 ከ43 ሚሊዮን በላይ መንገደኞችን አስተናግዶ በዓለም ቀዳሚ ሆኖ ነበር። እኔን የሚማርከኝ ግን ከግዝፈቱ ይልቅ ሥርዓቱ ነው፤ ምልክቶቹ በቻይንኛና በእንግሊዝኛ ስለተጻፉ፣ ቪዛውንና የሆቴሉን አድራሻ በቻይንኛ አዘጋጅቶ የሄደ ሰው መንገዱን ለማግኘት ብዙም አይቸገርም።

ከተማው በስተደቡብ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የምድር ውስጥ ባቡሩ ሦስተኛ መስመር ከአንደኛውና ከሁለተኛው ተርሚናል ሥር ስለሚነሳ፣ አፍሪካውያን ነጋዴዎች ወደሚበዙበት ሻውቤይ ሰፈር ባቡር ቀይሮ በጥቂት ዩዋን መድረስ ይቻላል። ይሁን እንጂ መስመሩ በመጨናነቅ የታወቀ ነውና፣ ከባድ ሻንጣ ይዞ ለሚመለስ ሰው ታክሲን እመርጣለሁ። በከተማው አብዛኛው ክፍያ በስልክ የሚፈጸም በመሆኑ፣ ዊቻትን ወይም አሊፔይን ከአገር ሳይወጡ አስመዝግቦ፣ ለመጠባበቂያም ጥሬ ዩዋን መያዝ ይበጃል።

ዋናው ፈተና የመመለሻው ዕለት ነው። ባለታክሲው የትኛው ተርሚናል እንደሆነ አስቀድሞ ካልተነገረው፣ ተርሚናሎቹ የተራራቁ ስለሆኑ ውድ ጊዜ ይባክናል፤ ስለዚህ በቲኬቱ ላይ የተጻፈውን አረጋግጦ ማሳየት ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምመክረው ስለ ፓወር ባንክ ነው። በየትኛውም በረራ ወደ ጭነት ክፍል በሚገባ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፤ የኃይል መጠኑ ከ160 ዋት ሰዓት (Wh) በላይ የሆነው በእጅም አይገባም። ከሰኔ 28 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የቻይናን የደኅንነት ምልክት የሌለው ፓወር ባንክ በአገር ውስጥ በረራዎች ተከልክሏል፤ ከጓንግዡ ወደ ሌላ የቻይና ከተማ በርሮ ዕቃ ለሚያፈላልግ ነጋዴ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ባትሪ ያለው ዕቃ በሻንጣው መሀል ተቀብሮ ከተገኘ ጓዙ ሁሉ ተፈትቶ ይበረበራልና፣ ለብቻው በእጅ ቦርሳ መያዝ አለበት።

በሚያዝያና በጥቅምት በዚያው በጓንግዡ የካንቶን የንግድ ትርዒት ሲከፈት መንገደኛው ስለሚበዛ፣ በእነዚያ ሳምንታት የሚመለስ ሰው ከበረራው አራት ሰዓት ቀድሞ ቢደርስ አይበዛበትም።