ግራፊክስ ካርድ ይቀየር ወይስ ፕሮሰሰር?

አዳማ ላይ ያገለገለ የዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ኮምፒውተር ከኮር አይ5-4570 ፕሮሰሰር ጋር ይዘው ጌሙ ከተንቀራፈፈብዎ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሪዞሉሽኑን (የጌሙን የምስል ጥራት) ከ1080 ወደ 720 ያውርዱት። ኤፍፒኤሱ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ብድግ ካለ ያነቀው ግራፊክሱ ነው፤ ንቅንቅ ካላለ ፕሮሰሰሩ።

ለግራፊክስ ጂቲኤክስ 1650 ካርድ ይበቃል። የኃይል ገመድ የማይሰካበትን ዓይነት ይምረጡ፤ 75 ዋቱን ከማዘርቦርዱ ይወስዳል። የዚህ ማሽን ፓወር ሰፕላይ ከዚያ በላይ ባይጫንበት ይሻላል። ኬዝዎ ቀጭኑ ከሆነ ቁመተ አጭሩን ካርድ ይጠይቁ፤ ረጅሙ አይገባም።

አይ7-4770 ፕሮሰሰር ደግሞ በዚያው 1150 ሶኬት (የማዘርቦርዱ የፕሮሰሰር መቀመጫ) ላይ ይቀመጣል፣ የሚፈልገውም ያው 84 ዋት ነው። ኮሩ 4 እንደሆነ ይቀራል፣ ትሬዱ (በአንዴ የሚያስኬደው የሥራ መስመር) ግን ከ4 ወደ 8 ያድጋል። አማካይ ኤፍፒኤስ ላይ ተአምር አይጠብቁ፤ ጥቅሙ በየመሃሉ ቀጥ የሚለውን መቀነሱ ነው። ሲገጠም የደረቀውን ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በአልኮል ጠርገው የምስር ፍሬ የሚያህል አዲስ ያድርጉ፤ የፋኑንም አቧራ ያራግፉ። በአዳማ ሙቀት ይህ ከተዘለለ ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፣ ወጪውም ከንቱ ይሆናል።

ፈተናው ሁለቱንም ጥፋተኛ ካደረገ ግራፊክሱ ይቅደም። ብዙ ተጫዋች ለሚርመሰመስባቸው የኦንላይን ጌሞች ብቻ አይ7ቱ ይሻላል። ራሙ አንድ ባለ 8 ጊጋ ከሆነ ግን ከሁለቱም በፊት ተመሳሳዩን ጎኑ ይሰኩለት።