የክፈፍና የአሸንዳ ዕቃ ባሕር ዳር፦ ሂሳባቸው አሪፍ፣ ማድረሳቸው ግን...

ጣሪያውን ቆርቆሮ አልብሶ ክፈፉ (ከግድግዳው አልፎ የሚወጣው የጣሪያ ክፍል) ላይ ሲደርስ የቆመ ሰው ካለ፣ ገበያው አካባቢ ያለውን ይህን ሱቅ ይሞክረው። ላሜራ አጥፈው ፋሻ (የጣሪያውን ጠርዝ ዙሪያውን የሚሸፍነው) እና አሸንዳ ይሸጣሉ። ለክፈፉ ሥር ማልበሻም የፒቪሲ ፕላስቲክ አላቸው።

የወደድኩት ሂሳባቸውን ነው። ሌላ ቦታ የግድግዳውን ዙሪያ ይጠይቁህና በዚያው ያሰሉልሃል፣ በቃ። እዚህ ልጅቷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ክፈፉ ስንት ወጥቷል?" ብላ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር አልኳት። ካርቶን ቀድዳ ሣለችበት፦ ግድግዳው 8 በ10 ከሆነ ዙሪያው 36 ሜትር ነው፣ ክፈፉ በአራቱም በኩል 60 ሲወጣ ግን የጣሪያው ጠርዝ 9.20 በ11.20 ይሆናል፣ ዙሪያውም 40.80 ሜትር ይገባል። ባለ 2 ሜትሩ ፋሻ 10 ሳንቲ ሜትር ስለሚደራረብ 22 ፍሬ ይፈልጋል፤ 18 አይበቃም። ማልበሻው ማዕዘኖቹን ጨምሮ 23 ካሬ ገደማ ነው። "ለቁርጥራጭ 10 በመቶ ጨምሩበት" አለችኝ።

ለማልበሻው ቺፕውድም (ከተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ የሚሠራ ሰሌዳ) አላቸው፣ ርካሽ ነው። የጣና እርጥበትና የሐምሌ ዝናብ እያለ ግን እኔ አልደፍረውም፣ ውሃ ሲነካው ያብጣል።

ማድረስ ላይ ዜሮ ናቸው። ጠዋት ያሉት ዕቃ ማታ መጣ፣ ያውም ባጃጅ ላይ ታስሮ፣ የአንዳንዱ ፋሻ ጫፍ ተጣሞ። ከጭቅጭቅ በኋላ ቀየሩልኝ። መኪና ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሚስማርና ሲሊኮኑን ደግሞ ከጎረቤት ሱቅ ግዙ፣ እዚያ ይረክሳል።