ጂቲ 1030 ግራፊክስ ካርድ በአሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ፦ የአሥራ አንድ ወር ልምዴ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሳሎኔ ጥግ ባለች ጠረጴዛ የመኖሪያ ቤት ፕላን እሠራለሁ። ደንበኞቼ በአብዛኛው በገላን፣ በኮዬ ፈጬና በዱከም መስመር ቦታ ይዘው ቤት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። የምሠራበት ኮምፒውተር ከአንድ ቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነው፤ ትንሹና ጠፍጣፋው ዓይነት። ፕሮሰሰሩ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የኢንቴል ኮር አይ5-4590 ሲሆን፣ ምስሉን የሚያወጣው እዚያው ፕሮሰሰሩ ውስጥ የተካተተው ኤችዲ ግራፊክስ 4600 ነበር። ጨዋታ አልጫወትበትም። ፕላን የምሠራበትን አውቶካድ የተባለ ፕሮግራም የምከፍተው ጠዋት ነው፤ የምዘጋው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አንዲት እናት ቤታቸውን ሊያዩ መጡ። ጡረታ ወጥተው ገላን ላይ ቤት ሊሠሩ የተነሡ ናቸው። ቡና አቅርቤላቸው ከጎኔ ተቀመጡና ቤቱን በሦስት ገጽታው አዞርላቸው ጀመር። ምስሉ ጥቂት ይዞራል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ዘልሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። እማማ ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ይህ ቤት ለምንድን ነው የሚንቀጠቀጠው? መሠረቱ ደካማ ሆኖ ነው?» አሉኝ። የኮምፒውተሩ ችግር መሆኑን ባስረዳቸውም ዓይናቸው ከስክሪኑ አልተነቀለም። ያጠራቀሙትን ገንዘብ ሁሉ የሚያፈሱበትን ቤት በዚያ ሁኔታ ማየታቸው ከነከነኝ። ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስል የማውጣቱን ሥራ ከፕሮሰሰሩ የሚረከብ ክፍል፣ ለመግዛት የቆረጥኩት ያን ዕለት ማታ ነው።

እንዲህ ላለ ኮምፒውተር ካርድ መምረጥ ለሌላ ኮምፒውተር ከመምረጥ ይለያል። የዚህ ዓይነቱ ኦፕቲፕሌክስ ፓወር ሰፕላይ 255 ዋት ብቻ ነው፤ ለግራፊክስ ካርድ ተብሎ የተዘጋጀ ትርፍ የኃይል ገመድም የለውም። ስለዚህ ካርዱ የሚያስፈልገውን ኃይል በሙሉ ከማዘርቦርዱ (ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ማስገቢያ መውሰድ አለበት፤ ማስገቢያው የሚሰጠው ደግሞ ቢበዛ 75 ዋት ነው። ኬዙ ቀጭን ስለሆነ ቁመቱ ግማሽ የሆነ ካርድ ካልሆነ ክዳኑ አይገጥምም። ዋጋውም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ እንደ ቀድሞው አይደለም። አንድ ጊዜ ከተሳሳትኩ ሁለተኛ ለመግዛት ወራት ሊፈጅብኝ ነው።

ጥቂት ካርዶችን አመዛዘንኩ። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 75 ዋት ይወስዳል። ግማሽ ቁመት ያላቸው ሞዴሎች ቢኖሩም ያገኘኋቸው ሁሉ ከአቅሜ በላይ ነበሩ፤ የማስገቢያውንም አቅም እስከ ጫፉ ይበላል። አርኤክስ 6400 ኃይሉ 53 ዋት ነው፤ ነገር ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ4 መስመር ብቻ ነው። የተሠራው ለአራተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱ የሚሰካበት ማስገቢያ) ስለሆነ፣ እንደ እኔው ያለ የሦስተኛው ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ የመስመሩ ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል። ኳድሮ ፒ620 ልቤን ወስዶት ነበር፤ 40 ዋት ነው፣ ለዚሁ ሥራም የተሠራ ነው። የሞኒተር መውጫዎቹ በሙሉ ሚኒ ዲስፕሌይፖርት የሚባሉት ስለሆኑ ግን ለእያንዳንዱ ሞኒተር መቀየሪያ መግዛት ይጠይቃል። በመጨረሻ ጂቲ 1030 ላይ ረጋሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው፣ 30 ዋት ብቻ የሚወስድ ትንሽ ካርድ ነው።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ማንም እንዲደግመው ስለማልፈልግ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ጂቲ 1030 የሚባሉ ሁለት ካርዶች አሉ። መጀመሪያ የወጣው ጂዲዲአር5 ሜሞሪ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ያንኑ ስም ይዞ ተራ ዲዲአር4 ሜሞሪ የተገጠመለት ወጣ። ሳጥናቸው ይመሳሰላል፣ ስማቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም 2 ጊጋባይት ይላሉ። የመጀመሪያው ሜሞሪ በሴኮንድ 48 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ሁለተኛው 16.8 ብቻ። መገናኛ ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች በአንዱ ሻጩን የትኛው እንደሆነ ጠይቄው ነበር። «እህቴ፣ ሁሉም አንድ ነው፤ የሚለየው ሳጥኑ ብቻ ነው» አለኝ። አምኜው ከፈልኩ፤ ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ በጎሮ መንገድ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ማታውኑ ገጠምኩት። በካርዱ ጫፍ ላይ ያለው ረጅም ብረት በአጭሩ መተካት አለበት፤ አጭሩ ሳጥኑ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ትንንሾቹን ብሎኖች በካቻቪቴ መፍታት ቀላል ነው። ዲቪአይ የሚባለውን የሞኒተር መውጫ ግራና ቀኝ የያዙትን ባለ ስድስት ማዕዘን ብሎኖች ግን በፒንሳ በጥንቃቄ ካላዞሩ ብረቱ አይወጣም። ገጥሜ ስጨርስ ኮምፒውተሩ በሰላም ተነሣ። የእማማን ቤት ከፈትኩና አዞርኩት። እንደ ድሮው ዘለለ።

ጂፒዩ-ዚ የምትባለውን፣ የካርዱን ዝርዝር የምታሳይ ነፃ ፕሮግራም የጫንኩት ከዚያ በኋላ ነው። የሜሞሪው ዓይነት በሚለው ቦታ ዲዲአር4 ይላል፤ ከሥሩ 16.8። በዚያ ምሽት ሌሎቹን ቁጥሮች ስደምርና ስቀንስ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። በፕሮሰሰር ውስጥ ያለ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ከኮምፒውተሩ ራም ይበደራል። የእኔ ኮምፒውተር ራም 1600 ፍጥነት ያለው ዲዲአር3 ነው። አንድ ዘንግ ራም ብቻ ሲኖር በሴኮንድ 12.8 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ሁለት ተመሳሳይ ዘንጎች በየቦታቸው ሲገቡ 25.6 ይሆናል። እኔ ሁለት ዘንግ ነበረኝ። አዲሱ ካርድ የገዛ ሜሞሪው ነፃ ካገኘሁት ራም የዘገየ ነበር ማለት ነው። የአውቶካድ ሠሪው አውቶዴስክ ለፕሮግራሙ ዝቅተኛ መስፈርት ብሎ ያስቀመጠው በሴኮንድ 29 ጊጋባይት ነው። ዲዲአር4 የተገጠመለት ጂቲ 1030 ይህን እንኳ አያሟላም፤ ጂዲዲአር5 የያዘው ያልፈዋል። ተመራጭ የተባለው 106 ሲሆን፣ ያን ያህል የሚደርስ ካርድ እኔ ከያዝኩት ገንዘብ ጋር አይተዋወቅም።

ለመመለስ ስሄድ ሻጩ የተከፈተ ዕቃ አይመለስም አለ። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ 1,500 ብር ቀንሶ ወሰደው። ሳይሰድበኝና ሳልሰድበው ተለያየን፤ ነገር ግን ጥያቄዬን በትክክል ጠይቄ የተሳሳተ መልስ እንደተሰጠኝ ዛሬም ይሰማኛል። ሁለተኛውን ካርድ ሌላ ሱቅ ስገዛ ክፍያውን ከመፈጸሜ በፊት እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተገጥሞ በጂፒዩ-ዚ እንዲታይልኝ ጠየቅኩ። ወጣቱ ሻጭ ቅር ሳይለው ገጠመልኝና 48 የሚለውን ቁጥር በጣቱ አሳየኝ። ይህች ፕሮግራም ሌላም ጥቅም አላት፦ አሮጌ ካርድን በአዲስ ስም አስመስለው የሚሸጡ ስላሉ፣ እንዲህ ያለውን ካርድ ስታገኝ ሐሰተኛ መሆኑን ስሙ ላይ ጽፋ ታሳያለች። ርካሽ 1050 ቲአይ አገኘሁ የሚል ሰው ካለ በዚህ ሳያይ አይክፈል።

የሞኒተሩ ነገር ሌላ ያልጠበቅኩት ጣጣ ነበር። ሁለት ሞኒተር አለኝ፤ አንዱ ባለ 24 ኢንች፣ ኤችዲኤምአይ የሚቀበል፣ ሌላው ቪጂኤ ብቻ ያለው አሮጌ ባለ 19 ኢንች። ካርዱ ኤችዲኤምአይና ዲቪአይ መውጫ አለው። መሳቢያዬ ውስጥ ከዲቪአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ መቀየሪያ ነበረኝና በቃኝ ብዬ ነበር። ልሰካው ስል አልገባም። አቅርቤ ሳየው መቀየሪያው ከጠፍጣፋዋ ምላስ ዙሪያ አራት ትርፍ መርፌዎች አሉት፤ የካርዱ መውጫ ላይ ደግሞ ለእነርሱ ቀዳዳ የለም። ካርዱ ዲጂታል ምልክት ብቻ ስለሚያወጣ ነው፤ ቪጂኤ ከዚያ አይገኝም። አስገድዶ መስካት መርፌዎቹን ማጣመም ብቻ ነው። መፍትሔው ያለ ወጪ ተገኘ። የኮምፒውተሩ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ በቪዲዮ ክፍል ሥር መልቲ ዲስፕሌይ የሚል ምርጫ አለ። እርሱን ሳበራው የማዘርቦርዱ ቪጂኤም ከካርዱ እኩል መሥራት ጀመረ። ፕላኑ በትልቁ ላይ፣ የመስኮትና የበር ዝርዝሩ በአሮጌው ላይ ሆነልኝ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ታኅሣሥ 2017 ላይ ነበር። አሁን ኅዳር 2018 ነው።

በየቀኑ የሚታየኝ ለውጥ ቤቱን ሳዞር ነው። ሁለት ፎቅ፣ ደረጃና ጣሪያ ያለው ሙሉ ቤት አሁን እጄን ተከትሎ ይዞራል። በሁለት ገጽታ ሥራም ወለሉ በሙሉ በሴራሚክ መስመር የተሞላ ፕላን ሳሳድግና ሳሳንስ ያ የሚያበሳጭ መዘግየት ቀርቷል። ያልገመትኩት ጥቅም ደግሞ ከሳይት የሚላክልኝ ቪዲዮ ነው። ተቋራጮች በስልካቸው ቀርጸው የሚልኩት አብዛኛው ኤችኢቪሲ በሚባል ዘዴ የተጨመቀ ነው። የድሮው ግራፊክስ ይህን በራሱ መፍታት ስለማይችል ሸክሙ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና ምስሉ ይቆራረጥ ነበር፤ ጂቲ 1030 ግን ራሱ ይፈታዋል። ባለፈው ሰኔ የአንድ መሠረት ብረት አቀማመጥ ስህተት ያየሁት እንዲህ ባለ ቪዲዮ ውስጥ ነው፤ ምስሉን እያቆምኩ፣ ወደ ኋላ እየመለስኩ። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ደወልኩ።

ያልተለወጠው ፋይል የመክፈቻው ጊዜ ነው፤ እርሱ የዲስክና የፕሮሰሰር ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ አሁንም የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ ኤስኤስዲ ላይ ያውለው። ቪዲዮ አቀናብሮ ለማውጣትም ይህ ካርድ አይረዳም፤ ቪዲዮ የሚጨምቀው ክፍል ተወግዶለት የተሠራ ነው። የእህቴ ልጅ የሰርግ ቪዲዮ ሊያቀናብርበት መጥቶ ይህን ያወቅነው አብረን ነው። ሥራውን የጨረሰው የድሮው የኢንቴል ግራፊክስ ነው፤ በባዮስ እንዲሠራ ስለተውኩት። እውነተኛ የሚመስል የቤት ምስል እንደሚያወጣው ሉሚዮን ላለ ፕሮግራም ደግሞ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ጭራሽ የሚበቃ አይደለም።

አካባቢያችን ሙሉ ግንባታ ነው። በበጋ አሸዋና ጠጠር የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ የሚነሣው አቧራ ሦስተኛ ፎቅም ይደርሳል። ሚያዝያ ላይ የካርዱ ትንሽ ማራገቢያ ማጉረምረም ጀመረ፤ ሙቀቱም ሥራ ሲበዛ 78 ዲግሪ ይደርስ ነበር። ክዳኑን ከፍቼ ሳየው በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል ጥጥ የመሰለ ግራጫ አቧራ ተጠቅጥቋል። ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣቴ ይዤ፣ ንጹሕ የቀለም ብሩሽ ወስጄ ጠረግኩት። መሃሉ ላይ ያለችውን ተለጣፊ ወረቀት ገለጥ አድርጌም አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨመርኩ። ጉርምርምታው ጠፋ፤ ሙቀቱ ወደ 61 ወረደ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ወሩ እከፍተዋለሁ። ማራገቢያ የሌላቸው ጂቲ 1030 ካርዶችም አሉ፤ ድጋሚ ብገዛ እነርሱን አስቀድሜ አያለሁ።

መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ቀድሞ 12 ደቂቃ ያህል ያቆየኝ ነበር፤ አሁን 10 ነው። ፋይል አስቀምጦ ለመዝጋት ይበቃል። 75 ዋት የሚወስድ ካርድ ቢሆን ኖሮ ይህ ጊዜ ምን ያህል ባጠረ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ዛሬ ለሚገዛ ሰው አንድ የምጨምረው አለ። የካርዱ ሠሪ ኤንቪዲያ ይህ ካርድ ላለበት ትውልድ መደበኛ የድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ማሻሻያ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል፤ የደኅንነት ማሻሻያ ግን እስከ ጥቅምት 2028 እ.ኤ.አ. ይቀጥላል። ዊንዶውስ 10ም በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 መደበኛ ድጋፉ ቆሟል፤ የእኔ ፕሮሰሰር ደግሞ ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ውስጥ የለም። ስለዚህ ካርዱን የገዛሁት ለዚህ ኮምፒውተር ቀሪ ዕድሜ ነው፤ በዚያ ልክ ነው የከፈልኩት፤ በዚያ ልክም ደስተኛ ነኝ።

እማማ መስከረም ላይ ጣሪያው ከመመታቱ በፊት የሰገነቱን ቅርጽ ለመቀየር ተመልሰው መጥተው ነበር። ቤቱን አራት ጊዜ አዞርኩላቸው፤ ስለ ሰገነቱ እንጂ ስለ ስክሪኑ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

ትናንት ደግሞ ለገጣፎ የምትኖር የሥራ ባልደረባዬ ደውላ የትኛውን ካርድ ልግዛ ብላ ጠየቀችኝ። ኮምፒውተሯ ከእኔው ጋር አንድ ነው። ስለ ካርድ ከማውራቴ በፊት ክዳኑን ክፈቺና ስንት ዘንግ ራም እንዳለው ንገሪኝ አልኳት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ስትከፍት ይሰማኛል። «አንድ ብቻ ነው» አለችኝ። ካርዱን ለጊዜው ተዪው፣ ነገ ተመሳሳዩን አንድ ዘንግ ገዝተሽ ጨምሪና ቅዳሜ እንነጋገር አልኳት።