የዘይት ግፊት ጌጅ በአሮጌ ኮሮላ ላይ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ቀይዋ የዘይት መብራት የምትናገረው ስለ ዘይት መጠን አይደለም፤ ስለ ግፊት ነው። እሷም ቢሆን ዘግይታ ነው የምትናገረው። ሞተሩ ላይ የተገጠመው የግፊት ማብሪያ፣ በጋራዥ ቋንቋ ቡልቦው፣ መብራቷን የሚያበራት ግፊቱ እጅግ ዝቅ ሲል ነው። በ1990ዎቹ ኮሮላዎች ላይ የተለመደው 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ግን ሲሞቅ በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ከ2.5 እስከ 5 ባር፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ) ደግሞ ቢያንስ 0.3 ባር ሊኖረው ይገባል። በ3,000 ዙር 1 ባር ብቻ የሚያሳይ ሞተር ብሮንዚኑን (ክራንኩ የሚዞርበትን ማረፊያ) እየበላ ነው፤ መብራቷ ግን ጥፍት ብላ ትቀመጣለች። ጌጅ የሚገዛው ለዚህ ክፍተት ነው።

እዚህ የሚገመገመው 52 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውና እስከ 7 ባር የሚያሳየው መካኒካል ዓይነት ነው። ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ለማታ አምፖሉ ብቻ ነው። ግፊቱን የሚያነበው ዘይቱ ራሱ በቀጭን ቱቦ እስከ ዳሽቦርዱ መጥቶ ነው። ጥንካሬውም ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል።

ሲገጠም መጀመሪያ የሚያስቸግረው የማገናኛው ጥርስ ነው። የቶዮታ ቡልቦ ጥርስ ሾጣጣው የእንግሊዝ 1/8 ሲሆን በኢንች 28 ጥርስ አለው። በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ማገናኛ ብዙውን ጊዜ የአሜሪካው 1/8 ነው፤ እሱ 27 ነው። በእጅ ሲጀመሩ ልዩነታቸው አይታወቅም። ሁለት ሦስት ዙር ይገባና ይጠብቃል፤ “ያዘ” ተብሎ በቁልፍ ሲጨመርበት የሞተሩ ጥርስ ይበላሻል፣ ወይም ከወር በኋላ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ስለዚህ የድሮውን ቡልቦ በ24 ረጅም ቡሶላ ፈትቶ ይዞ መሄድና ማገናኛውን ከሱ ጎን አድርጎ ጥርሱን ማስተያየት ነው። የሚገዛው ባለ ሦስት አፍ ቲ ይሁን፦ አንዱ ለሞተሩ፣ አንዱ ለጌጁ ቱቦ፣ አንዱ ለነባሩ ቡልቦ። መብራቷን አውጥቶ በጌጅ መተካት ትልቅ ጥፋት ነው፤ መንገድ የሚያይ ሰው መርፌ ሁልጊዜ አያይም።

ጥርሱ እንዳያንጠባጥብ የሚጠቀለለው ነጭ ፕላስተር፣ ቴፍሎን፣ ሲጠቀለል እጅ ይቆጠብ። ቡልቦው ኔጋቲቩን የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ከሞተሩ አካል ነው፤ ቴፍሎን ከበዛ ግንኙነቱ ይቋረጥና መብራቷ ለዘለዓለም አትበራም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ሲከፈት ቀይዋ መብራት ልትበራ ይገባል። ካልበራች አሽከርካሪው ዕውር ሆኗል ማለት ነው።

ንባቡ ዋጋ የሚኖረው ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ነው። ጠዋት 4 እና 5 ባር ማየት ምንም አይነግርም፤ የቀዘቀዘ ዘይት ወፍራም ነው። ጎንደር ላይ ጥሩው መፈተኛ አዘዞ ወርዶ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ነው፤ ዳገቱ ዘይቱን ያሞቀዋል። የዙር መቁጠሪያ የሌለው መኪና ላይ በ3ኛ ማርሽ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ወደ 3,000 ዙር ይጠጋል። እዚያ ያየነውን፣ ቆም ብለን ደግሞ በሚኒሞ ያየነውን መጻፍ ነው። ቁጥሮቹ ብቻቸውን ብዙ አይሉም፤ ከወር ወር ሲነጻጸሩ ነው የሚናገሩት።

መብራቷ ብልጭ ድርግም ስትል መርፌው ከቆመበት ካልተነቃነቀ ጥፋቱ የቡልቦው ወይም የሽቦው ነው። የቡልቦውን ሶኬት ነቅሎ ውስጡ ዘይት ካለ ጉዳዩ አለቀ፤ የሚለወጠው ርካሽ ዕቃ ነው። አንዷ ሽቦ ተልጣ ብረት ከነካችም መብራቷ ሳትጠፋ ትቀራለች። ለዚህ ብቻ ሞተር ይከፈት የሚል ምክር የሚሰጥ ጋራዥ አለ፤ ጌጁ ዋጋውን የሚመልሰው እዚህ ጋ ነው።

መርፌው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ወይም ኩርባ ላይ ለቅጽበት ወድቆ ከተመለሰ ዘይቱ ጎድሏል፤ የዘይት ፓምፑ መምጠጫ አየር እየሳበ ነው። ከደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን ለሚወርድ ይህ ምልክት ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣ ነው። በሚኒሞም በ3,000ም አብሮ ከወረደ ግን ወይ ብሮንዚኑ ሰፍቷል፣ ወይ ፓምፑ አርጅቷል፣ ወይ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቩ ተከፍቶ ቀርቷል። መርፌው ከሳምንት ሳምንት እየወረደ በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ የዘይቱ ልክ ከፍ ካለና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ቤንዚን ወደ ዘይቱ እየገባ ነው። ያኔ ቢጫዋ የቼክ ኢንጅን መብራትም ብዙ ጊዜ አብራ ትነሳለች። በእነዚህ ኮሮላዎች ኮፈን ሥር “ዲያግኖሲስ” የሚል ሣጥን አለ፤ ቲኢ1ን ከኢ1 ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ሲከፍቱ መብራቷ ቁጥር ትቆጥራለች። 22 ካለች የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ነው፤ ሞተሩን ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን የሚያስጨምረው እሱ ሊሆን ይችላል።

መርፌው የሚንቀጠቀጥበት ሌላው ምክንያት የጋራዥ ልማድ ነው። 4ኤ-ኤፍኢ ፊልትሮውን ጨምሮ የሚወስደው 3 ሊትር ያህል ነው፤ የሚሸጠው ግን የ4 ሊትር ጀሪካን ነው፣ “ይለቅ” ተብሎ ሙሉው ይገለበጣል። ትርፉን ዘይት ክራንኩ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይዝም። 2.7 ሊትር ጨምሮ፣ ሞተሩን አንድ ደቂቃ አስነስቶ፣ አጥፍቶ አምስት ደቂቃ ጠብቆ በዘንጉ መሙላት ነው የሚሻለው። የማፍሰሻው ቡሎን 14 ቁልፍ ነው፤ ቀለበቱ ይቀየር።

መርፌው ሲወርድ 20ደብልዩ-50 የሚባለውን ወፍራም ዘይት መጨመር እዚህ አገር የተለመደ መድኃኒት ነው። መርፌውን ያነሳል፣ እውነት ነው። ዘይት ለሚበላ ግን ለማይንኳኳ ሞተር ክፉ ምርጫ አይደለም። ከታች የሚንኳኳ ሞተር ላይ ግን ቀን ማስቆጠር ብቻ ነው፤ መተማ ቆላ ሲገባ ያው ዘይት ይቀጥንና መርፌው ወደነበረበት ይወርዳል።

በነገራችን ላይ ጌጁ ጭስን አይመረምርም። ጠዋት ሲነሳ ወይም ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ነዳጅ ሲረገጥ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ የቫልቭ ሲል (የቫልቩ ዘይት ማገጃ ጎማ) ነው፤ ዳገት ላይ ሳያቋርጥ የሚጨስ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ነው። ፋሻውን በኮምፕረሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) መለኪያ የሚፈትሽ ሰው ደግሞ ከፍታውን አይርሳ። የፋብሪካው ዝቅተኛ ልክ 10 ባር ነው፤ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ላይ ባለችው ጎንደር አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ሞተር ወደ 7.8 ያነባል። በዚህ ምክንያት ብቻ ያለቀ የሚባል ደህና ሞተር አለ። እዚህ ቁጥሩ ሳይሆን በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ይታይ፤ ከ1 ባር መብለጥ የለበትም።

የዕቃው ደካማ ጎን ቱቦው ነው። ከካርቶኑ የሚወጣው ነጭ ናይለን ነው፤ ጭስ ማውጫው አጠገብ ካለፈ ይቀልጣል፣ ከሞተሩ ወደ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ጎማ ካልተደረገለት ቆርቆሮው ይቆርጠዋል። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ቢላቀቅ ትኩስ ዘይት እግር ላይ ነው የሚፈሰው። መዳብ የሚያስገቡም አሉ፤ ጫፉ ላይ እንደ ስፕሪንግ ሁለት ዙር ካልተጠመዘዘ በንዝረት ይሰነጠቃል። በሽቦ የተጠለፈ ጎማ ከመለዋወጫ ሱቅ ማሠራት ከጌጁ ራሱ ሊወደድ ይችላል፤ ያም ሆኖ ናይለኑን ለአንድ ሳምንት እንኳ መተው አያዋጣም። ዘይት በተቀየረ ቁጥር የሁለቱን ጫፍ ማሰሪያ በጨርቅ ጠርጎ ማየት ነው፤ ጨርቁ ከረጠበ ሩብ ዙር ማጥበቅ ይበቃል።