ክራክ ከተደረገ ዊንዶውስ ወደ ሕጋዊው፦ ሰነድ ሳይጠፋ የትኛው መንገድ ይሻላል?

የአክስቴ ላፕቶፕ ስክሪን ታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ «ዊንዶውስን አክቲቬት ያድርጉ» የሚል ደብዛዛ ጽሑፍ ከወጣ ሳምንት አልፎታል። አክስቴ ሜክሲኮ አካባቢ ለሰባት ሱቆች ሒሳብ ይይዛሉ፤ ወሩ ደግሞ ሐምሌ ነው፣ የግብር ወር። ላፕቶፑን ያገለገለ ነው የገዙት። ሻጩ «ዊንዶውሱ ኦሪጅናል ነው፣ ያውም ፕሮ የሚባለው ውዱ እትም» ብሎ ምሎላቸው ነበር። ገና ከበር ስገባ «አንተ ልጅ፣ ፎርማት የምትባለውን ቃል እንዳታነሳብኝ» አሉኝ። ከዚህ ቀደም አንድ ጠጋኝ ፎርማት ሲያደርግላቸው የሁለት ዓመት ሰነድ አብሮ ሄዷል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ሁለት ጥያቄዎች ይደባለቃሉ። አንዱ ሕጋዊ ፈቃድ ከየት ይመጣል የሚለው ነው፤ ሌላው ሰነዱ እንዴት ይተርፋል የሚለው። ሻጮች የሚያወሩት ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው፤ ሰው የሚያለቅሰው ግን በሁለተኛው ነው።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት

በዊንዶውስ መፈለጊያ ሳጥን ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብለው በሚከፈተው ጥቁር መስኮት ላይ ኤስ፣ ኤል፣ ኤም፣ ጂ፣ አር የሚሉትን አምስት የእንግሊዝኛ ፊደላት አያይዘው ይጻፉ። አንድ ክፍተት ይተዉ፣ እዝባር ያስገቡ፣ ዲ፣ ኤል፣ አይ ብለው ይጨርሱና ኢንተር ይጫኑ። የምትመጣው ትንሽ መስኮት የፈቃዱን ዓይነት ትናገራለች፦ «ሪቴይል» ከሆነ በችርቻሮ የተገዛ፣ «ኦኢኤም» ከሆነ ከፋብሪካ ከማሽኑ ጋር የመጣ፣ «ቮልዩም» ከሆነ ለድርጅት በጅምላ የተሸጠ ነው።

የአክስቴ «ቮልዩም ኬኤምኤስ ክላየንት» ይላል። ይህ አሠራር በአንድ ድርጅት ኔትወርክ ውስጥ ያለ ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች 180 ቀን የሚቆይ ፈቃድ እየሰጠ የሚያድስበት ነው። አክስቴ ሰርቨር የላቸውም፤ ያላቸው አንድ ፕሪንተርና አንድ የቡና ጀበና ነው። ስለዚህ ውስጥ የተቀመጠው ሰርቨር መስሎ የሚያታልል ክራክ፣ ማለትም ያልተከፈለበትን ዊንዶውስ የተከፈለበት የሚያስመስል ፕሮግራም ነበር፤ ማደስ ሲያቅተው ያ ጽሑፍ ብቅ አለ። ይህ ምርመራ ሁሉንም ክራክ አይዝም፤ አንዳንዱ ራሱን ሕጋዊ አስመስሎ ያሳያል። መጥፎ ዜና ከነገረዎት ይመኑት፤ ጥሩ ዜና ከነገረዎት ግን የግዢ ደረሰኝ ይፈልጉ።

ሁለተኛው ምርመራ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ማለትም ከ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ፣ ትልልቆቹ አምራቾች የዊንዶውሱን ቁልፍ፣ ማለትም ፈቃዱን የሚያረጋግጠውን ኮድ፣ በማዘርቦርዱ (በዋናው ሰሌዳ) ቺፕ ውስጥ ያስቀምጡታል። ሃርድ ዲስኩ ቢጠፋ፣ ቢቀየር፣ መቶ ጊዜ ፎርማት ቢደረግ ቁልፉ እዚያው ነው። «ሾው ኪ ፕላስ» የሚባል ነጻ ፕሮግራም ያንን ቁልፍና ለየትኛው እትም እንደተሰጠ ያሳያል። የአክስቴ ማሽን ውስጥ የተገኘው የዊንዶውስ 10 ሆም ሕጋዊ ቁልፍ ነው። የተከፈለበት ሆም ተነሥቶ የተሰረቀ ፕሮ ተጭኖባቸዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼ ነው።

ቺፑ ውስጥ ያለው የዊንዶውስ 8 ቁልፍ ከሆነ ግን ብዙ አይደሰቱ። በእነዚያ ቁልፎች አዲሱን ዊንዶውስ የማንቃቱን (አክቲቬት የማድረጉን) መንገድ ማይክሮሶፍት በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዘግቶታል።

ምንም ከሌለስ? አሜሪካ ውስጥ የዊንዶውስ 11 ሆም መደበኛ ዋጋ 139 ዶላር፣ የፕሮ 199.99 ዶላር ነው። ወደ ብር ሲመነዘር ያገለገለ ላፕቶፕ ዋጋን ሊጠጋ ይችላል። በቴሌግራም በጥቂት ብር የሚሸጡት ቁልፎች አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ድርጅት ከተሰጠ የጅምላ ቁልፍ የተቆነጠሩ ናቸው። ለጥቂት ወራት ይሠራሉ፣ ከዚያ ይታገዳሉ፤ ሻጩም ያን ጊዜ ስሙን ቀይሯል። ርካሽ ቁልፍ ገዝቶ ሕጋዊ ሆንኩ ማለት አይቻልም፤ ክራኩ መልኩን ቀየረ እንጂ። ነገሩ ለድርጅት ከሆነ ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም እንደሚጠብቅ ልብ ይበሉ።

ቁልፍ ብቻ መቀየር ወይስ በላዩ ላይ መጫን?

ቁልፍ መቀየር ቀላሉ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ገብተው አክቲቬሽን በሚለው ሥር አዲሱን ባለ 25 ፊደል ቁልፍ ያስገባሉ፣ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። አንድም ሰነድ አይነካም። ችግሩ ሁለት ነው። እትሙ መግጠም አለበት፤ ፕሮ ላይ የሆም ቁልፍ አይገባም፤ ከፕሮ ወደ ሆም መውረድም ከመጀመሪያው መጫን ይጠይቃል። ሁለተኛው ይብሳል፦ ወረቀቱ ሕጋዊ ሆነ እንጂ ቤቱ ያው ነው። ያንን ዊንዶውስ ማን እንዳዘጋጀው፣ ምን እንደጨመረበት አያውቁም።

በላዩ ላይ መጫን መካከለኛው መንገድ ነው። ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ የመጫኛውን ፋይል ያወርዳሉ፣ ዊንዶውሱ እንደተከፈተ ያስነሡታል፣ «ፋይሎችንና ፕሮግራሞችን አቆይ» የሚለውን ይመርጣሉ። የሥርዓቱ ፋይሎች በትክክለኞቹ ይተካሉ፤ የቀድሞው ሥርዓትም «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ለ10 ቀን ይቀመጣል፣ ካልተስማማዎት ይመለሳሉ። ምቾቱ ግልጽ ነው፤ የተጫነ ፕሮግራም ሁሉ በቦታው ይገኛል።

ግን ፕሮግራም ሁሉ ሲባል ክራኩም ፕሮግራም ነው። ይህን የተረዳሁት የአክስቴን የዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ከፍቼ «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን ስመለከት ነው። ጸረ ቫይረሱ እንዳያያቸው የታዘዘ ሦስት ፎልደሮች ነበሩ፤ አንዱ ከነጭራሹ የሲ ድራይቭ ሙሉ በሙሉ። ጠባቂው በር ላይ ተቀምጧል፣ ዓይኑ ግን ተሸፍኗል። አክስቴ በዚህ ማሽን ላይ የሰባት ሱቅ የሽያጭ መዝገብና የራሳቸውን የባንክ ሒሳብ ይከፍታሉ። እንዲህ ያለ ነገር ካዩ በላዩ ላይ መጫንን ይተዉት። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነና እትሙ ከገጠመ ግን በቂ ነው እላለሁ፤ ከተጫነ በኋላ የዲፌንደርን (የዊንዶውስን የራሱን ጸረ ቫይረስ) የኦፍላይን ፍተሻ አንዴ ማስኬድ አይርሱ።

ከመጀመሪያው መጫን

ንጹሑ ይህ ነው፣ አስፈሪውም ይህ ነው። አስፈሪ የሚሆነው ግን ሰዎች መጠባበቂያ ቅጂ የሚሉትን ነገር ሲሳሳቱ ነው። «ዲ ላይ አስቀምጬዋለሁ» የሚለውን ስንቴ ሰምቻለሁ! ሲና ዲ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ መጫኛው ላይ አንድ የተሳሳተ መስመር ከተመረጠ አብረው ይሄዳሉ።

ሁለተኛው ስህተት ዶክመንትስን ብቻ ገልብጦ ጨረስኩ ማለት ነው። በእኛ አገር ኮምፒውተር ውስጥ ውድ የሆነው ነገር ብዙ ጊዜ እዚያ የለም። የፒችትሪ የሒሳብ መዝገቦች ከዶክመንትስ ውጭ በራሳቸው ፎልደር ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱን ድርጅት ከፍቶ ከፕሮግራሙ ውስጥ ባክአፕ የሚለውን መጠቀም ይሻላል። ከቴሌግራም የወረዱ ደረሰኞች ዳውንሎድስ ውስጥ ናቸው። በብራውዘሩ ላይ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችም አሉ። ከሁሉም በላይ ሰው የሚረሳው ፊደሉን ነው። ዩኒኮድ የሚባለው የፊደላት የጋራ ደረጃ ከመምጣቱ በፊት በነበሩ በእነ ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ አሮጌ ደብዳቤዎች ፎንቱ ከሌለ የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ቁልል ሆነው ይከፈታሉ። ሰነዱ አልጠፋም፣ የሚያነበው ጠፋ እንጂ። ስለዚህ ፎንቶቹንም ይገልብጡ። ኒያላ በሚባለው የዊንዶውስ የአማርኛ ፎንት የተጻፉት ገጻቸው ቢዛባ አይደንግጡ፤ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ኒያላ በተጨማሪነት የሚወርድ ሆኗል፣ ከኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ ያገኙታል።

የክራክ መጫኛዎች የተከማቹበትን «ሶፍትዌር» የሚል ፎልደር ግን ወደ አዲሱ ቤት አይመልሱት። ክራክ የነበረው ኦፊስም አብሮ ይቀራል፤ መግዛት ካልተቻለ ሊብሬ ኦፊስ ነጻ ነው።

የእኔ ምርጫ፦ ዲስኩን መቀየር

እውነቱን ለመናገር ለአክስቴ ከላይ ያሉትን አንዱንም እንዳለ አላደረግኩም። ላፕቶፑ ባለ 1 ቴራባይት ዘገምተኛ ሃርድ ዲስክ ነበረው። 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣኑን ዲስክ ገዛን፣ አሮጌውን ዲስክ ፈትቼ አወጣሁት፣ አዲሱን አስገብቼ በእሱ ላይ ጫንኩ። ቁልፉ ማዘርቦርዱ ላይ ስለሆነ መጫኛው የትኛውን እትም እንደምፈልግ እንኳን አልጠየቀኝም፤ ሆምን ራሱ መረጠ፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ነቃ። ለፈቃድ የተከፈለ ገንዘብ የለም፤ የተከፈለው ለኤስኤስዲውና ዲስክን በዩኤስቢ ለሚያገናኝ መያዣ ነው። አሮጌው ዲስክ ላይ አንድም ፊደል አልተጻፈም። በመያዣው ከተን የሚያስፈልገውን እየመረጥን ገለበጥን፤ የተረሳ ነገር ቢኖር እዚያው አለ። ፈጣን መሆኑ ምርቃት ነው።

ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ጉዳቱ ገንዘብና የአንድ ቀን ሥራ ነው። ፕሮግራሞችም እንደገና መጫን አለባቸው። ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። አሮጌው ድራይቭ ላይ የቁልፍ ምልክት ካለ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ተቆልፏልና ከመፍታትዎ በፊት ይክፈቱት። የቅርቦቹ የዊንዶውስ 11 እትሞች ደግሞ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገቡ ዲስኩን ራሳቸው ይቆልፋሉ፤ ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁጥር በወረቀት ገልብጠው ያስቀምጡ።

ሊኑክስ ለማን?

ሊኑክስ የዊንዶውስ ምትክ የሚሆን ነጻ ሥርዓት ነው፤ የሚታሰበውም ማሽኑ ለዊንዶውስ 11 ሲያረጅ ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ፣ 4 ጊጋባይት ራምና ከኢንቴል ከሆነ ባመዛኙ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የፕሮሰሰሩ ቁጥር አይ 5-6300 ከሆነ 6ኛ ትውልድ ነው፤ አይ 5-8250 ከሆነ 8ኛ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ለግለሰቦች የተሰጠው ማራዘሚያም ጥቅምት 3 ቀን 2019 ላይ ያበቃል። ስለዚህ ለ6ኛ ትውልድ ላፕቶፕ ዛሬ የዊንዶውስ ቁልፍ መግዛት ለሚፈርስ ቤት አዲስ በር እንደ ማሠራት ነው።

ለእንዲህ ያለው ማሽን ሊኑክስ ሚንት 22 ይስማማል፤ ነጻ ነው፣ እስከ 2029 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይደገፋል፣ በ4 ጊጋባይት ራም ይሠራል። ትልቁ ጥቅሙ ሳይጭኑ ከፍላሽ አስነሥተው መሞከር መቻልዎ ነው፤ ዲስኩ አይነካም። አማርኛ ለመጻፍ ኪማን አለ፣ የድሮ ፎንቶችም ይጫናሉ። ፒችትሪ ግን አይሆንለትም፤ የሒሳብ ሰው ከሆኑ እዚህ ላይ ያቁሙ። ለተማሪ፣ ለጽሑፍ ሰው፣ ኢንተርኔት ለሚበዛበት ሰው ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ከዊንዶውሱ ጎን ለመጫን የዲስኩን ክፍል ማጥበብ ካሰቡ መብራት ይጠብቁ፣ የላፕቶፑም ባትሪ የሚይዝ ይሁን። በመሃል መብራት ከሄደ ሁለቱንም ሊያጡ ይችላሉ።

የጉግሉ ሥርዓት ክሮም ኦኤስ ፍሌክስም ነጻ ነው፤ ሲጫን ግን ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ያጠፋል፣ ያለ ኢንተርኔትም ብዙ አይጠቅምም። ሰነድ ላለው ሰው አላቀርበውም።

አክስቴ በሦስተኛው ቀን ደውለው የአንዱን ሱቅ የአምና ኪራይ ውል አጣሁት አሉኝ። ዲስኩን በመያዣው ሰኩት፤ ዴስክቶፕ ላይ «አዲስ ፎልደር 4» በሚል ስም ተቀምጦ ተገኘ። አሮጌው ዲስክ አሁን በስማቸው ተጽፎበት፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ማንም እንዳይነካው ብለዋል።