ስንቅ ቋጣሪዋና ተመላላሿ እናት

ሁለቱም ሲሎች፣ ማለትም ባሕር ውስጥ አድነው የብስ ላይ የሚወልዱ አጥቢ እንስሳት ናቸው፤ የአራስነት ወጋቸው ግን ለየቅል ነው።

የካሊፎርኒያዋ ዝሆን ሲል ስንቋን ቆዳዋ ሥር ጮማ አድርጋ ቋጥራ ትመጣለች። ከወለደች በኋላ አራት ሳምንት ገደማ እህል ውሃ አትቀምስም። ወተቷ ወደ መጨረሻው ከግማሽ በላይ ስብ ነው፤ ቅቤ ቢባል ይቀላል። 35 ኪሎ ገደማ የተወለደው ግልገል 130 አካባቢ ሲደርስ፣ እሷ ከክብደቷ 40 በመቶ ያህሉን ታጣለች። ጡት ልታስጥለው ጥቂት ቀን ሲቀራት ከወንድ ትገናኛለች፤ ከዚያ ጥላው እብስ! ሰሜን ፓስፊክ ገብታ ከሁለት ወር በላይ ታድናለች። ቀን ከሌት 500 ሜትር ገደማ ትጠልቃለች። 20 ደቂቃ ያህል ትንፋሿን ትይዛለች፣ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ትተነፍሳለች፣ ተመልሳ ትገባለች።

በደቡብ አትላንቲክ ያለችው ደሴት የሳውዝ ጆርጂያ ፀጉራም ሲል ኑሮዋ ከእጅ ወደ አፍ ነው። በወለደች በሳምንቷ ግድም ከወንድ ተገናኝታ ባሕር ትወርዳለች። ሽሪምፕ የመሰለውን ክሪል በልታ ከቀናት በኋላ ትመለሳለች፤ ልጇን በድምፁና በጠረኑ ለይታ አንድ ሁለት ቀን ታጠባለች። ደግሞ ጉዞ። እንዲህ አራት ወር ገደማ። ክሪል በጠፋበት ዓመት መንገዷ ይረዝማል፤ ግልገሉ ዳር ላይ በረሃብ ሊሞት ይችላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የሷ ይከብዳል፤ የዝሆን ሲሏ ልጅ ቢያንስ ድርሻውን በአንድ ወር ጠቅልሎ ወስዷል።